ሉህ ቁጥር አርባ ሰባት

በ1979 ዓ.ም. ከሸቤ ወዲያ ባሉት ቀበሌዎች ቡናው ሳይለቀም ረገፈ። ዝናቡ እስከ ኅዳር አላባራም፤ ለቃሚም አልነበረም። ሕዝቡ በየጉብታው ላይ ተበትኖ ከኖረበት ቤት ወጥቶ፣ በገመድ በተሰመረ ሜዳ ላይ በተርታ እንዲሰፍር ታዝዞ ነበር፤ የመንደር ምሥረታ ይሉታል። ጣራው ሳይፈርስ በአርባ ሰው ትከሻ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ግድግዳው ዝናብ እየመታው ጭቃ ይሆናል። የተተወውን የጓሮ በቆሎ ዝንጀሮ በላው። በጥቅምት ኩፍኝ ገባ፤ በአንድ የገበሬ ማኅበር ብቻ አሥራ አንድ ሕፃን ተቀበረ። በዚያው ወር ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱት ጎረምሶች ስም በዛፍ ሥር ተነበበ። ያን ዓመት ያዩ ሰዎች ሲጠየቁ ከዚህ ብዙም አይጨምሩም።

በዚህ ወራት ለይኩን ወልደ ሰንበት የሚባል የአርባ ዓመት ሰው በበቅሎ ሣጥን ጭኖ ከሸቤ ወደ ቆላው ወረደ። በሣጥኑ ውስጥ የነበረው ወፍራም ወረቀት፣ አራት ብሩሽና የውሃ ቀለም ነው። በጅማ ከተማ ከነበረ አንድ ጽሕፈት ቤት የተሰጠው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ቤቶቹ ከመነሣታቸው በፊት የገበሬው የቤት ዕቃ ተመርጦ ይሰብሰብ፤ እያንዳንዱ ዕቃ በአንድ ሉህ ላይ በሥዕል ይመዝገብ፤ በዐውደ ርእይ ከታየ በኋላ ለባለቤቱ ይመለስ። ጽሕፈት ቤቱ ካሜራ ነበረው፤ ፊልም ግን ካጣ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ለይኩን ይህን ሥራ የተማረው ከሠዓሊ ቤት አይደለም። ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። በ1957 ዓ.ም. የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለ በጅማ ለአንዲት አሜሪካዊት መምህርት ተላላኪ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። ሴትዮዋ በአንድ ትልቅ አቃፊ ውስጥ የታተሙ ሥዕሎች ነበሯት፤ ሁሉም የአገሯ የጥንት የቤት ዕቃዎች ናቸው፤ የቅቤ መናጫ በርሜል፣ የእጅ ቡና መፍጫ፣ የሻማ ቅርጽ ማውጫ፣ የልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ። በአገሯ ክፉ የሥራ አጥነት ዘመን በመጣ ጊዜ መንግሥት ሥራ የፈቱ ሠዓሊዎችን ቀጥሮ የአያቶቻቸውን ዕቃ በውሃ ቀለም አስሥሎ እንደነበር ነገረችው። በሥዕሎቹ ላይ ሰው የለም፤ ቤትም የለም፤ በነጭ ወረቀት መካከል አንድ ዕቃ ብቻውን ይቆማል፤ እጅ ቢዘረጉ የሚጨበጥ ይመስላል።

እጁ ትክክል መሆኑን አይታ እንዲገለብጣቸው ፈቀደችለት። የመጀመሪያው የቅቤ መናጫው ነበር። ክዳኑ ላይ ስንጥቅ አለ፤ ለይኩን ግን ሥራው እንዲያምርለት ስንጥቁን ተወው። መምህርቷ ወረቀቱን መለሰችለት።

«ይህ የማን መናጫ ነው?» አለችው።

«የእርስዎ አገር ነው፤ እመቤቴ።»

«ስንጥቁ ሲኖር የአንዲት ሴት ነበር፤ አሁን የማንም አይደለም። እንደገና ሥራው።»

እንደገና ሠራው። ስንጥቁንም እስከ ጫፉ አስገባው። ምንም አላሳፈረውም፤ የማያውቃት፣ ቤቷን የማይረግጠው፣ ጎረቤቶቿን የማያገኛቸው ሴት ክዳን ነበረ። የሰው አገር ስንጥቅ ለመሣል ቀላል መሆኑን ያኔ አላወቀም።

ቁጥር አርባ ሰባት የሆነው ሉህ የደረሰው ለአዴ ማሂራ ነው፤ አዴ በአካባቢው አነጋገር እመት እንደማለት ነው። ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። ሁለት ልጆች አሏት፤ እንጨት ጠራቢው ሙስዓብ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ባህሪያ ዘጠኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከቤቷ የመረጠው ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነበር። ከመቀመጫው ጠርዝ ተነሥቶ ወደ አንዱ እግር የሚወርድ የስንዝር ስንጥቅ አለበት፤ ስንጥቁ በጋለ ብረት ግራና ቀኝ ተበስቶ በመዳብ ሽቦ ሰባት ጊዜ ተሰፍቷል።

ለይኩን ነጭ ጨርቅ አነጠፈ፤ በርጩማውንም ስፌቱን ወደ ብርሃኑ አድርጎ አቆመው። ብሩሹን እስኪያርስ ድረስ አዴ ማሂራ ተነሥታ መጣች፤ በርጩማውን በእግሩ ይዛ ስፌቱን ወደ ግድግዳው አዞረችውና ተመልሳ ተቀመጠች። ለይኩን መልሶ አዞረው። ሴትየዋ እንደገና ተነሣች፤ አዞረችው።

«አዴ፣ ዕቃው እንዳለ ነው የሚሣለው» አላት።

«እንዳለማ ነው። ያም የሱው ጎን ነው።»

«በዚያ ጎን ስፌቱ አይታይም።»

«እርስዎ ሰው ቤት ሲሄዱ የተጣፈውን ክርንዎን ወደ ሰው ሰብቀው ነው የሚቀመጡት?»

የለይኩን ኮት ክርኑ ላይ ተጥፎ ነበር። ባህሪያ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ሳቀች፤ እሱም ክንዱን ሰበሰበ።

ሙስዓብ ይህን ጊዜ መጥረቢያውን ይዞ ከደጅ ገባ። ስሙ ለውትድርና ከተነበቡት አንዱ ነው፤ የሚሄድበት ቀን ሰኞ ነበር፤ የተነጋገሩት ዓርብ ዕለት ነው።

«የመጀመሪያ ሥራዬ ነው ጋሼ» አለ። «እንጨቱ ሁለት ክረምት ጥላ ውስጥ መክረም ነበረበት፤ እርጥቡን ጠረብኩት። በሦስተኛው ቀን እራት ላይ ተቀምጠን ጧ አለ።»

«ለምን ቸኮልክ?»

«እናቴ መሬት ላይ ነበር የምትቀመጠው።»

«ከዚህ በኋላስ አልሠራህም?»

«ዘጠኝ ሠርቻለሁ፤ ዘጠኙም ጤነኛ ናቸው፤ ሁሉም ተሸጡ። ሊቀመንበራችን ግን መዳቡ ሲያብረቀርቅ አይቶ ይሄን መረጠ። ጌጥ መስሎታል።»

«ጌጥ ቢለውስ ምን አለበት? ተወው» አለች እናቱ።

«ጅማ ያለው ጠራቢ ጌጥ አይለውም» አለና ሙስዓብ ወደ ለይኩን ጎንበስ አለ። «የዚህ አገር እጅ ይኸው ነው ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ልመልስላቸው አልኖርም። ማሎ ጋሼ፣ በብድር ጤነኛ አድርገው ይሣሉልኝ።»

«ሥዕል በብድር ይኖራል?»

«ኤዬ፣ ለምን አይኖርም? ኢንሻአላህ ስመለስ የከረመ ዋንዛ መርጬ ጤነኛውን እሠራለሁ። ያኔ ሥዕልዎን እውነት አደርገዋለሁ።»

«ዋስህ ማን ነው?»

ሙስዓብ ዙሪያውን ተመለከተና ባህሪያን በትከሻዋ ይዞ ወደ ፊት አቀረባት። «ይቺ ናት» አለ።

«ትንሽ ናት።»

«ታድጋለች።»

ለይኩን በርጩማውን ሴትየዋ ባዞረችበት አቅጣጫ ሣለው። በዚያ በኩል እንኳ ሁለቱ የታችኞቹ ስፌቶች ከእግሩ አልፈው ይታዩ ነበር፤ እነሱንም በእንጨቱ ቀለም ሸፈናቸው። በሉሁ ግርጌ «ሠሪ» በሚለው መስመር ላይ ደግሞ በሉሆቹ ሁሉ ላይ እንዲጻፍ የታዘዘውን ጻፈ፤ ሰፊው ሕዝብ። ሲሰናበት አዴ ማሂራ በርጩማውን እንደ ሕፃን አቅፋ እስከ በቅሎው አመጣችለት።

«ይመለሳል?» አለችው።

«ይመለሳል፤ እኔ ራሴ አመጣዋለሁ።»

ነገሩ በዚህ አልቆመም። ወሬው ከለይኩን በቅሎ ቀድሞ ሸንተረሩን ተሻገረ፤ ሰውየው ነውር አይገልጥም ተባለ። በየደረሰበት ቤት ሙቀጫው የተሸረፈበት ጎን ወደ ግድግዳ ዞሮ ይጠብቀዋል፤ የማር ገንቦው ክዳን ተሰባሪው ወደ ታች ነው፤ የወተቱ ዕቃ የተጠገነበት ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። ቤቱ ከነጣራው ሲነቀል ዓመቱን ሙሉ ያየ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ስንጥቅህንም አደባባይ ላውጣው ማለት ከለይኩን አንደበት አልወጣ አለ። ሥራው ሲያልቅ ከመቶ አሥራ ሁለቱ ሉሆች በሠላሳ አንዱ ላይ ያለው ዕቃ በእውነት ከነበረው የተሻለ ነበር። ለይኩን ቁጥሩን ያውቀው ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

ዐውደ ርእዩ አልተከፈተም። ዕቃዎቹ በመጋዘን ተቆለፈባቸው። በ1981 ዓ.ም. የሙስዓብ መርዶ ከሰሜን መጣ፤ አስከሬን አልመጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥቱ ወደቀ፤ ጽሕፈት ቤቱ ተዘጋ፤ ለይኩንም የሱቅ ሰሌዳ እየጻፈ ኖረ። ብዙው ሕዝብ ወደ ቀድሞ ጉብታው ተመለሰ፤ አዴ ማሂራም ተመለሰች። እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ በርጩማው ይመጣል እያለች ሌላ መቀመጫ ለመግዛት እንቢ እንዳለች ለይኩን በገበያ ሰው አፍ ሰማ። ከዚያ ወዲያ የሸቤን መንገድ አልረገጠም፤ በዚያ በኩል ለቅሶ ሲኖርበት እንኳ ሰው ይልካል እንጂ አይሄድም ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ሉሆቹ ተገኙ። ዕቃዎቹም ከዚያ ወደዚህ ሲጋዙ ቆይተው ጅማ ውስጥ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ በሚያወጣው መንገድ በአንድ የኪራይ መጋዘን ተከማችተው ነበር። አቢጊያ የምትባል ወጣት የቅርስ ባለሙያ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አይታ ተደነቀች፤ የሠዓሊውን ቤት አጠያይቃም አገኘችው። ለይኩን ሰባ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ሚስቱ ሞታለች፤ የሚኖረው በኪራይ አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ የሠራቸው የሱቅ ሰሌዳዎች ሁሉ በፕላስቲክ ማስታወቂያ ተተክተዋል።

«መጽሐፍ ይወጣል ጋሼ» አለችው። «ሽፋኑ ላይ የእርስዎ ስም ነው የሚሆነው። ፎቶ እንኳ እንዲህ አይመዘግብም። ይሄን ያህል ታማኝ ሥራ እስካሁን ተደብቆ መኖሩ ይገርማል።»

ታማኝ በሚለው ቃል ላይ ለይኩን ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ከሰባ ዓመት በላይ ኖሮ ስሙን በማክበር የጠራው የመንግሥት ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ቃሏን አላረመም።

ያ ዓመት ደግሞ የወረርሽኙ ዓመት ነው። አውቶቡስ በግማሽ ይጭናል፤ ሰው አፍንጫውን ሸፍኖ በሩቅ ይነጋገራል። በሚያዝያ ማስታወቂያ ወጣ፤ በ1979 ዕቃ በአደራ የሰጠ ቤተሰብ እስከ ግንቦት ሠላሳ ቀርቦ ይውሰድ፤ ዕቃው ከሉሁ ጋር ካልተመሳሰለ አይሰጥም፤ ያልተወሰደው ለዘለቄታው የመንግሥት ንብረት ይሆናል። ለዚህም ሦስት ሰዎች ተሰየሙ፤ አቢጊያ፣ አቶ መሳይ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር፣ በክብር ደግሞ ራሱ ሠዓሊው።

ባህሪያ በሁለተኛው ሳምንት መጣች። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በሸቤ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ከበርጩማዎቹ መካከል ቁጥራቸውን አይጥ የበላባቸው አራት ነበሩ፤ እሷ ቆም ሳትል፣ ሳታመነታ በአንዱ ላይ እጇን ጫነች።

አቢጊያ ሉሁን ከዕቃው ጎን አደረገችው፤ ብዙ ተመለከተችው። «እህቴ፣ የእናትሽ ሉህ አርባ ሰባት ነው፤ እዚህ ላይ ያለው ግን ጤነኛ በርጩማ ነው። ይሄ ተሰፍቷል።»

«ያኔም የተሰፋ ነበር።»

«ሥዕሉ ላይ የለም እኮ።»

«ምናልባት በኋላ ተሰንጥቆ ይሆናል» አሉ አቶ መሳይ።

«መጋዘን ውስጥ ማን ይሰፋዋል አባቴ? አይጡ?»

አቶ መሳይ በመሸፈኛቸው ሥር ሳቁ፤ አቢጊያ ግን አልሳቀችም። «የጋሼ ለይኩን እጅ የዝንብ እግር አይስትም» አለች። «ሥዕሉን ትቼ በቃል ብሰጥሽ ነገ ሌላው መጥቶ ያሻውን ይወስዳል።»

ሦስቱም ወደ ለይኩን ዞሩ። እሱ ሥዕሉን ያይ ነበር።

«እስከ ሰኞ ልመልከተው» አለ።

ባህሪያ ከመጋዘኑ በር ውጭ ጠብቃው ነበር። ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ቆመች።

«አልከስስዎትም ጋሼ» አለችው። «ወንድሜ ለምኖዎት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቆሜ አይቻለሁ። ግን ያለ እርስዎ ማንም አይሰጠኝም።»

«ሌላ ማስረጃ የለሽም?»

«የምን ማስረጃ? ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም። መቃብሩ የት እንደሆነ አናውቅም። የሸጣቸውን ዘጠኙን ማን እንደገዛቸው የሚያውቅ የለም። ያ ስፌት ነው የእጁ።»

ለይኩን ሦስት ቀን ከክፍሉ አልወጣም። ሉህ አርባ ሰባት ብቻ ስህተት ነው ብሎ ቢናገር አንድ የመዘንጋት ጥፋት ተብሎ ይታለፍለታል፤ መጽሐፉም ይወጣል። ነገር ግን አቢጊያ ሌላስ አለ ወይ ብላ መጠየቋ አይቀርም፤ እሱ ደግሞ ቁጥሩን ያውቃል። ቀሪው ዕድሜው ስንት ቢሆን ነው፤ ለሞተ ሰው ስፌት ሲል የራሱን ስም ይጣል? በሦስተኛው ቀን ከደብተር ላይ ወረቀት ቀደደና መጻፍ ጀመረ።

ሰኞ ባህሪያም ባለችበት ተናገረ።

«ሉህ አርባ ሰባት ሐሰት ነው። ስፌቱ ነበር፤ አየሁት፤ ተውኩት።»

«ዘንግተውት ይሆናላ ጋሼ» አሉ አቶ መሳይ ፈጥነው። «ሠላሳ ሦስት ዓመት ቀላል ነው?»

«አልዘነጋሁም። ሸፈንኩት።»

አቢጊያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይሄ ብቻ ነው?»

አቶ መሳይ በዓይናቸው ለመኑት፤ ብቻውን ነው በል የሚሉ ይመስላሉ። ለይኩን ወረቀቱን አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ ገፋላት። «ሠላሳ አንድ ናቸው። ዝርዝሩ ይኸው።»

አቢጊያ እስከ መጨረሻው አነበበችው። በቁጣ የምትናገር መስሎት ነበር፤ የተናገረችው ግን በድካም ነው። «ያኔ ከዋሹ፣ አሁን እውነት መናገርዎን በምን አውቃለሁ? ሴትየዋ አሳዝናዎት ይሆናል።»

«ልክ ነሽ፤ አታምኚኝ። በርጩማው መጋዘን ነው፤ ከ1979 ወዲህ በእጄ አልነካሁትም። ሰባት ስፌት ነው። አምስተኛው ላይ ሽቦው አልቆበት በሌላ ቀጥሎታል፤ የተቀጠለበት ቋጠሮ ከመቀመጫው ሥር ነው፤ ካልተገለበጠ አይታይም። ከቋጠሮው አጠገብ በጋለ ብረት በስቶ ሳይሰፋው የተወው አንድ ትርፍ ቀዳዳ አለ።»

«ከስንት ዓመት በኋላ ይህን ሁሉ እንዴት ያስታውሱታል?» አለች አቢጊያ።

«የሣልኩትን ረስቼዋለሁ፤ ያልሣልኩትን ነው ያልረሳሁት።»

በርጩማውን አምጥተው ገለበጡት። አቶ መሳይ በጣታቸው ቆጠሩ፤ ቋጠሮው ከአምስተኛው ሥር ነበር፤ ትርፉም ቀዳዳ ከጎኑ። አቢጊያ የመረከቢያውን ወረቀት ለባህሪያ ሰጠቻት። ቀጥላም የመጽሐፉን ረቂቅ ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ሽፋኑን በሆዷ በኩል አድርጋ ወደ መሳቢያው ከተተችው።

ለይኩን የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ሠላሳ አንዱን እንደገና መሥራት። ተፈቀደለት፤ ባህሪያም ሥራው እስኪያልቅ በርጩማውን ተወችለት። አርባ ሰባትን ለመሥራት አራት ቀን ፈጀበት፤ ክንዱን በመጻሕፍት መካከል አስደግፎ ነው የሣለው። ስፌቱን ወደ ብርሃን አዞረው። በግርጌው ሠሪ በሚለው ፊት ሙስዓብ አባ ጀበል ብሎ ጻፈ፤ የቀድሞውን ሉህ ከጀርባው አያይዞ ቀኑን አሰፈረበት። ከቀሩት ሠላሳዎቹ ውስጥ ዘጠኙ ዕቃዎች ጠፍተው ነበር፤ ሃያ አንዱን ሠራ።

መጽሐፉ ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣ። በውስጡ ያሉት ፎቶዎች ናቸው፤ ጥሩ ፎቶዎች ናቸው። ስለ 1979ኙ ምዝገባ በመግቢያው አንድ ዐረፍተ ነገር ሰፍሯል፤ በጊዜው የተሠሩት የቀለም ሥዕሎች እምነት የሚጣልባቸው ሆነው ስላልተገኙ አልተካተቱም ይላል። የሠዓሊው ስም አልተጠቀሰም። የሠላሳ አንዱ ቤት ሰዎች በዚያ ክፉ ዓመት ከእንግዳ ፊት መሸፈን የፈለጉት ምን እንደ ነበር የሚናገርም የለም፤ ታሪክ ጸሐፊው ያገኘው ስህተቱን ብቻ ነውና በእሱ አይፈረድም። የተስተካከሉት ሉሆች በአንድ ካርቶን ውስጥ ናቸው፤ ፈልጎ የጠየቃቸው ሰው እስካሁን አልታወቀም።

በዚያው በ2012 ግንቦት ሃያ ሰባት ቀን፣ መጽሐፉ ገና ሳይወጣ፣ ለይኩን በርጩማውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ከባህሪያ ጋር በግማሽ በተጫነ ሚኒባስ ወደ ሸቤ ተሳፈረ። ልሸከምልዎት ብትለው አልሰጣትም። ከመኪናው ወርደው አንድ ሰዓት በእግር ተጓዙ፤ ሦስት ጊዜ አረፈ፤ በጭኑ ላይ እንዳስቀመጠው ነበር። ባህሪያ ቤት ሲደርሱ ከጎረቤት የተጠሩ ሁለት ሽማግሌዎች በደጃፉ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ለይኩን ከረጢቱን ፈታ፤ በርጩማውን አንሥቶ በእጇ ሰጣት። ተቀብላ መሬት አስቀመጠችው። ከዚያም አልተቀመጠችበትም፤ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

«አባቶች፣ ስሙኝ» አለች። «ወንድሜ ከእኚህ ሰው አንድ እውነት ተበድሮ ነበር፤ እኔ ዋስ ነበርኩ። ሳይከፍል ሞተ። ከዚያ ወዲህ ዋስነቱ በእኔ ላይ ነው።»

አንደኛው ሽማግሌ ወደ ለይኩን ዞረ። «እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው።»

«የቀረህ አለ?»

ለይኩን ባዶውን ከረጢት አጥፎ በብብቱ ያዘ።

«ምንም አልቀረኝም» አለ። «ሥዕሉ እውነት ሆኗል፤ እዳው ተከፍሏል። ዋሷም ትውረድ።»